የምልልሱ ዋጋ፦ ስለ ታማሚ ልጆቻችን ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከችልኝ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት። «አንብቢውና ደውዪልኝ» ብላለች። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ መደወሉን ተውኩና ይሄን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ጽሑፉ ስለ ጎጃም ሆስፒታሎች ገንዘብ ነው። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገረው። በየሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ጥቂት ልጆች ደጋግመው ይተኛሉ ይላሉ ጸሐፊው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ውኃ የተጠራቀመ፣ ሕብለ ሰረሰራቸው ክፍት ሆኖ የተወለዱ፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ስኳር ያለባቸው። እነዚህ ልጆች አልጋውን፣ ኦክስጅኑንና መድኃኒቱን ይጨርሱታል፤ አይድኑም፤ በዚያ ገንዘብ ስንት ሕፃን በተከተበ። ተመላልሰው የሚመጡትም እናቶቻቸው ቸል ስለሚሉ ነው። መድህን ሁሉን ስለሚከፍል ወጪው ቤተሰቡን አይነካም። እንግዲህ የከበደውን ወደ አዲስ አበባ እንላከው፤ እዚህ ክትባትና ወሊድ ላይ እንበርታ። ልዩ ክትትል የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። ሐሳባቸው ይኸው ነው።

እኔ የሕፃናት ነርስ ነኝ። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በክፋት ጻፉት ብዬም አላምንም። የመንግሥት ገንዘብ ሲባክን የሚያንገበግባቸው ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። እኔንም ያንገበግበኛል። ጓንት ሲያልቅ ቀድማ የምታውቀው ነርስ ናት። ግን ነገሩ ከአልጋው ራስጌ ሆነው ሲያዩት ሌላ ነው። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ቁጥር ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ከመቶ ልጅ አንድ የማይሞሉት የሕፃናትን የጤና ወጪ ሲሶ ይወስዳሉ ብለዋል። ልክ ናቸው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ልጆቹ 0.67 በመቶ ነበሩ፤ የወሰዱት ገንዘብ ሲሶ ያህል ነው። እኔ ደግሞ አንድ ልጨምርላቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአሜሪካ 37 የሕፃናት ሆስፒታሎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ተመልሰው የተኙት ልጆች 2.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተኝቶ ሕክምናው ሂሳብ ግን 23 በመቶ ያህሉ የእነሱ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ልጆች ብዙ ገንዘብ ይወስዳሉ በሚለው ላይ ጠብ የለንም።

የምንለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩን ያወጡት ሰዎች «እንተዋቸው» አላሉም። «ለምንድነው የሚመላለሱት?» ብለው ጠየቁ። ቴክሳስ፣ ሂውስተን ውስጥ የተደረገውን ላንሳ። 201 ሕፃናት ተመረጡ። ሁሉም ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ ሆስፒታል የሚመላለሱ ናቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደተለመደው ታከመ። ለሁለተኛው አንድ ቋሚ ቡድን ተመደበለት። ልጁ ታመመ ሲባል በዚያው ቀን ይታያል። እናት በሌሊት ብትደውል ስልኩን የሚያነሳው ልጇን የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ክፉ ሕመም ብለው የቆጠሩት ሞትን፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባትንና ከሰባት ቀን በላይ መተኛትን ነው። እንደተለመደው ከታከሙት ልጆች መሃል ይሄ የደረሰባቸው በዓመት ከመቶ 22 ነበሩ። ክትትል ካገኙት መሃል 10። ወጪውም የመጀመሪያዎቹ ለአንድ ልጅ በዓመት 26,781 ዶላር ሲሆን፣ የሁለተኛዎቹ 16,523 ዶላር ሆነ።

የአሜሪካ አልጋ ውድ ነው። እዚያ አንድ ቀን መተኛትን ማስቀረት ብዙ ያተርፋል። በሌላ ቦታ የተሞከረውም ሁሉ እንደ ሂውስተኑ ገንዘብ ቆጥቧል ማለት አይደለም። ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ግን ጸሐፊው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይዘው መፍረዳቸው ትክክል አልመሰለኝም።

አሁን ወደ እናቶቹ ልምጣ። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ልጅ ነበረ። ከፈረስ ቤት ማዶ ካለ ቀበሌ ነው የመጣው። ያኔ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። በሕፃንነቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ አዲስ አበባ ሻንት ገብቶለታል። ሻንት ማለት ቀጭን ቱቦ ነው። ከጭንቅላት ተነስቶ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር አልፎ ሆድ ውስጥ ይገባል። ትርፉን ውኃ እዚያ ያፈሰዋል። ቱቦው ሊደፈን ይችላል። ሊያመረቅዝም ይችላል።

ያን ማታ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። እናቲቱ ልጁን በጀርባዋ አዝላ፣ በነጠላ ጠፍንጋ ገባች። ስታወርደው አንገቱ ዘንበል አለ። የሹራብ ቆቡን አወለቅኩለት። እርግብግቢቱ ተወጥሯል። ዓይኖቹ ወደ ታች ወርደው ነጩ ከላይ ይታያል። ከጆሮው ጀርባ ያለችውን የቱቦውን ጉብታ ስነካት ቆዳው ይፋጃል።

«መቼ ጀመረው?» አልኳት።

«እሑድ ነው ሲስተር። ያስመልሰዋል። ተኝቶ አልነሳ አለኝ» አለች።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ዝም ብላ የተቀመጠች እንዳይመስላችሁ። ሰኞ ጠዋት በቅርብ ወዳለ የጤና ተቋም ወስዳዋለች። የሆድ ነው ተብላ ኦአርኤስና ሽሮፕ ተሰጥቷት ተመለሰች። «ጭንቅላቱ ላይ ቱቦ አለው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለችኝ። ያየው ልጅ እግር ባለሙያ ሻንት የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ይሆናል። በእሱም አልፈርድበትም። ያሳየው ሰው የለም።

ከዚያ ከብብቷ ሥር አንድ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። በዚያ ውስጥ የልጇ ወረቀቶች። ካርዱ፣ የሪፈር ወረቀቱ፣ ከአዲስ አበባ ሲወጣ የተሰጠው ወረቀት። አንዱም ጥግ አልተጨማደደም። ክረምቱን ሁሉ ከዝናብና ከቤቱ ጭስ ጠብቃዋለች። የመውጫ ወረቀቱን ገለጥኩት። ታች ላይ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው፣ እንቅልፍ ካበዛ በአስቸኳይ ይምጣ ይላል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

«ምን እንደሚል ነግረውሻል?» አልኳት።

«ለሐኪም አሳዪ ብለውኛል። ለሐኪም አሳየሁ» አለች።

እስኪ ቸልታው የማን ነው? አራተኛ ክፍል የምትማር ትልቅ ልጅ ቤቷ አለቻት። በአማርኛ ቢጻፍ ታነብላት ነበር። እሑድ ማታውኑ ትነሳ ነበር።

ልጁ ተርፏል። ቱቦው ወጣ፤ ለሳምንታት መርፌ ተወጋ፤ እንደገና ሌላ ቱቦ ገባለት። ቱቦ የትም አገር ያመረቅዛል። ልጁን የጎዳው ግን እነዚያ ሦስት ቀናት ናቸው። ከዚያ በፊት ተደግፎ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተቀመጠም። ጸሐፊው «በጀት የሚበላ» ያሉት የዚያን ወር ሂሳብ ነው። ሂሳቡ የበዛው ልጁ ታማሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አምስት መስመር አማርኛ የሚጽፍለት፣ የጤና ተቋሙ ሰው ግራ ሲገባው የሚደውልለት ባለሙያ ስላልነበረም ነው።

ሌሎቹም ምልልሶች ሲመረመሩ ከዚህ ብዙ አይርቁም። የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጅ እንውሰድ። መድኃኒቷ ፊኖባርቢታል ነው። ርካሽ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የሚጥል በሽታ በትክክል ከታወቀና ከታከመ ከመቶ ሰው እስከ 70 የሚሆነው ሳይጥለው መኖር እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ግን የሆስፒታሉ ፋርማሲ «አልቋል» ይላል። ከውጭ ለመግዛት ብር የለም። እናት የቀረችውን መድኃኒት እስከሚቀጥለው ገበያ ለማድረስ ፍሬውን ለሁለት እየሰነጠቀች ትሰጣለች። እህል እንደምትቆጥበው ሁሉ መድኃኒቱንም ቆጠበች። ይሄ መድኃኒት ደግሞ በድንገት ሲቀንስ ወይም ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። አልቆም ያለ መንፈራገጥ ያመጣል። ልጅቷ በዚያው ሳምንት ድንገተኛ ክፍል ትመጣለች። ኦክስጅን፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ የሚቆም ሰው። ጥቂት ብር የሚያወጣ ፍሬ ስለጠፋ ያ ሁሉ ይወጣል። «መድኃኒቱ ቢያንስብሽም መጠኑን እንዳትቀንሺ፤ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ንገሪኝ» የሚላት ሰው ቢኖር ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር።

ጠበልንም አንስተዋል። እናቶች ሐኪም ትተው ጠበል ስለሚሄዱ ነው ብለዋል። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ሁለቱንም ይዘው ነው የሚሄዱት። ጠበል ቦታ ላይ መድኃኒቱን ጣሉ የሚል ሰው ሲያጋጥም ነው ችግሩ። በእኛ በኩል ያለው ሥራ እናቲቱን መስደብ አይደለም። ጠበሉን እያስጠመቅሽ መድኃኒቱንም ስጪ ማለት ነው። ከቻልን ደግሞ እዚያ ያሉትን አባት ሄዶ ማነጋገር ነው። እኔ አንድ ሁለቴ አድርጌዋለሁ። በአክብሮት ሲነገራቸው ይሰማሉ።

በወሊድ ጊዜ ታፍኖ ወይም ታሞ አእምሮው የተጎዳ፣ ሰውነቱ የሚገተር ልጅም አለ። ይሄ ልጅ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የሳንባ ምች ይዞት ይመጣል። ለምን? እናት በጀርባው አስተኝታ ትግተዋለች። እህሉ ወደ ሳንባው ይገባል። ልጁ ሲከሳ ደግሞ እንዳይሞትባት ብላ የባሰ ትግተዋለች። ቀና አድርጎ፣ አንገቱን ትንሽ ወደ ፊት ደገፍ አድርጎ፣ ወፈር ያለ ገንፎ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ ይቻላል። ይሄን ለማሳየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ግን ከተመላላሽ ክፍሉ ውጭ ስድሳ ሰው ተሰልፎ እያለ ያን ግማሽ ሰዓት ከየት ታመጣዋለህ? የስኳር ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በሰፊ የሸክላ ዕቃ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጎ፣ በአሸዋው መሃል ኢንሱሊኑን የያዘ ትንሽ ማሰሮ ማስቀመጥ ይችላል። ያልተነገራት እናት ግን ምድጃው አጠገብ ያለ መደርደሪያ ላይ ታኖረዋለች። መርፌውን ሳትዘል በሰዓቱ ትወጋዋለች፤ ስኳሩ ግን አይወርድም።

መድህን ሁሉን ይከፍላል የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ሲሞከር ከእነሱ አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። የደሃው መዋጮ ከመንግሥት ይሸፈናል። ካርድ፣ አልጋ፣ ምርመራ፣ ፋርማሲው ውስጥ ያለ መድኃኒት ይሸፍናል። ስንቱን ቤት ከመፍረስ አድኗል።

ግን የማይከፍለውንም እንቁጠር። የመኪና አይከፍልም። የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ አይከፍልም። ፋርማሲው «ከውጭ ግዙ» ያለውን መድኃኒት አስቀድሞ የምትከፍለው እናት ናት። የሪፈር ወረቀቱን ደረጃ በደረጃ ሳትይዝ ከመጣችም ችግር ነው። ልጅ እያቃሰተባት ለወረቀት ስትል ወደ ኋላ የምትመለስ እናት አይቻለሁ።

የፈረስ ቤቷ እናት ወጪዋን በብር አትነግራችሁም። በከብት ነው የምትቆጥረው። የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ጉዞ አንዲት ጊደር ነው። ለቀጠሮ ሲመላለሱ የደጁ ባሕር ዛፍ ለአጣና ተሸጠ። ቱቦው ያመረቀዘ ጊዜ ከጥማዱ አንዱ በሬ ሄደ። አሁን ባሏ የሚያርሰው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው። ተራው እስኪደርሰው እርጥበቱ ያልፈዋል። ትልቋ ልጅ ያን ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ጠበቀች። የጤፍ አረም በደረሰበት ነሐሴ እናቲቱ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነበረች። ይሄ ሁሉ በየትኛው የሆስፒታል መዝገብ ላይ ይገኛል? ጸሐፊው ወጪ ሲሉ የመንግሥትን ካዝና ብቻ ካዩ፣ ትልቁን ከፋይ አላዩትም ማለት ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንላካቸው የሚለውን ደግሞ እንይ። ደብረ ማርቆስ ለአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ዳር ሲሆን ርቀቱ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ደጀንን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ባለፉት ዓመታት ያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ጎጃም ያለ ሰው ያውቀዋል። ኦክስጅን ላይ ያለ ልጅ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ይሁን፣ መንገዱ ክፍት ነው እንበል። የልብ ልጆችን እንውሰድ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት ደክመውለት እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረ ነው። ስንት ልጅ እንዳዳነ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ናቸው። ልጁ ወረፋ ሲጠብቅ የት ነው ያለው? ቢቸና ነው። ሞጣ ነው። ዳንግላ ነው። ብዙዎቹ የልብ ሕመማቸው የጀመረው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። የልባቸው በር የባሰ እንዳይበላሽ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለባቸው። ለዓመታት። ይሄ መርፌ በየጤና ጣቢያው ሊሰጥ የሚችል ነው። ግን የልብ ሕመም ያለበትን ልጅ መውጋት የሚፈሩ ባለሙያዎች አሉ። ሰውነት ሊቆጣ ይችላል፣ በእጄ ላይ ቢሞትስ ብለው ነው። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ስለዚህ እናትን ለአንዲት መርፌ ሲሉ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይልኳታል። በወር በወሩ አይቻላትም። ታቋርጣለች። ልጁ ልቡ ደክሞ፣ እግሩ አብጦ፣ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ መተንፈስ አቅቶት ይመጣል።

ቀዶ ሕክምናውን አዲስ አበባ ቢያገኝ እንኳ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ሰው ሠራሽ የልብ በር የገባለት ልጅ ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ ነው የሚስተካከለው። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ያንን ማን ያየዋል? ለእያንዳንዱ ምርመራ ዓባይን ይሻገር?

ክትባትና ወሊድን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ እኔም እሱን ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 47ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከክልሎች ሁሉ የከፋው ነው። ግን ታፍኖ ተወልዶ ከሞተው ጎን ታፍኖ ተወልዶ የተረፈ አለ። አሁን የምናወራው ስለ እሱ ነው። እናቱን ያዋለደው እጅና እሱን የሚከታተለው እጅ ለምን ይጣላሉ? ክትባቱም እንደዚያ ነው። የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ክትባቶች አንዱ ጥቅማቸው ጭንቅላት ውስጥ ውኃ እንዲጠራቀም የሚያደርገውን ኢንፌክሽን መቀነሳቸው ነው።

መከላከል ካልን እንዲያውም ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ። ሕብለ ሰረሰሩ ክፍት ሆኖ የሚወለድ ልጅ ችግሩ የሚፈጠረው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን አታውቅም። ለመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ስትመጣ አልፏል። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ነው መገኘት ያለበት። የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ መደረጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ የሚበላው የራሱን ጤፍና በቆሎ ነው። የሚያስፈጨው ቀበሌው ወፍጮ ቤት ነው። የተበለጸገው ዱቄት ቡሬ ዳቦ ቤት ይደርስ ይሆናል፤ ከቡሬ ጀርባ ያለችዋ ሙሽራ ዘንድ ግን አይደርስም። ለአዲስ ተጋቢዎች ፎሊክ አሲዱን በጤና ኤክስቴንሽን በኩል ማድረስ እስካልቻልን ድረስ እነዚህ ልጆች መወለዳቸው አይቀርም። ከተወለዱ ደግሞ የእኛ ናቸው።

የቀረው «ቅንጦት» የሚለው ቃል ነው። ይሄን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ኡጋንዳ ነው። ምባሌ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል አለ። ቤንጃሚን ዋርፍ የሚባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 እዚያ ሄዱ። ያገኙት እንደ ፈረስ ቤቱ ያለ ልጅ ነው። ሻንት ይገባለታል፤ ቱቦው ሲደፈን ወይም ሲያመረቅዝ መንደሩ ሩቅ ነው፤ ሳይደርስ ይሞታል። እሳቸው ምን አደረጉ? በቀጭን ካሜራ ገብተው አእምሮ ውስጥ ለውኃው ሌላ መውጫ ይከፍታሉ፤ ውኃውን የሚያመነጨውን ክፍል ደግሞ በከፊል ያቃጥላሉ። ሰውነት ውስጥ የሚቀር ቱቦ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው በምባሌ በ100 ሕፃናት ላይ ከሻንት ጋር ሲነጻጸር፣ በዓመቱ የልጆቹ የአእምሮ እድገት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። በኋላ አሠራሩን አሜሪካም ወሰደችው። የመንገድ ርቀትና የእናት አቅም ታስቦ ደሃ አገር ውስጥ የተሠራ ሕክምና ነው። ቅንጦት የሚለውን እዚህ ላይ ምን እንበለው?

ለእኛ የሚያስፈልገውም ትልቅ ሕንፃ አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ እነዚህን ልጆች ብቻ የሚያይ አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ። ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር የሚገጥም። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፤ ልጁ ምን እንዳለበት፣ ምን እንደሚወስድ፣ ምን ካየሽ ቶሎ ነይ የሚል። ለጤና ጣቢያው ባለሙያ የሚሆን ሌላ አንድ ገጽ። የሚያልቁትን አምስት ስድስት መድኃኒቶች አስቀድሞ የሚቆጥር ሰው። እና ስልክ።

እኛ ክፍል ይሄን በትንሹ ጀምረነዋል። ማንም አላዘዘንም። ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሲም ካርዱን ተዋጥተን ገዛን። አርባ የሚሆኑ ልጆች የተመዘገቡበት አንድ ደብተር አለን። እናቶቹ ካርድ እንዳይጨርሱ ሚስኮል ያደርጋሉ፣ እኛ እንደውላለን። ተረኛ ከሌለ ስልኩ ሳይነሳ የሚያድርበት ሌሊትም አለ። ጥናት አይደለም፣ ቁጥር አልሰጣችሁም።

የፈረስ ቤቱ ልጅ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። ባለፈው የካቲት አንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሚስኮል አደረገች። ደወልኩ። «አስመለሰው ሲስተር» አለች። ትኩሳት የለውም። ነቅቷል፣ ስትጠራው ዞር ይላል። እርግብግቢቱን በመዳፏ እንድትነካ ነገርኳት። «ለስላሳ ነው» አለች። እህቱም ከማታው ጀምሮ እያስመለሳት ነው። ኦአርኤሱን በማንኪያ በማንኪያ እንድትሰጠው፣ እንቅልፉ ከከበደ ሌሊቱንም ቢሆን እንድትነሳ፣ ባይከብድም ጠዋት ጤና ጣቢያ እንድታሳየው ተነጋገርን። ወረቀቱን ይዛ እንድትሄድ አስታወስኳት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከጤና ጣቢያው ተደወለልኝ። ወረቀቱን እያነበበ የሚያነጋግረኝ አንድ ወጣት ነው። ምን ማየት እንዳለበት አንድ በአንድ ጠየቀኝ፣ አየው። ከሰዓትም መልሶ አየው። በማግስቱ ልጁ ጡቱን ጠባ፣ ገንፎውንም በላ። ወደ እኛ አልመጣም። የቀረው በሬም አልተሸጠም።